አሥራ ሰባተኛው ቅጂ

ሃያ ስድስቱም ተማሪዎች እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ይስሉ ነበር። ጉንፋን የያዘው አንድም የለም። «የልጁ ዐይን ከጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ…» ይሉና ሃያ ስድስት ጉሮሮ ባንድ ላይ ሁለት ጊዜ እህ፣ እህ ይላል። ከዚያ ጥቂት ዝም ይላሉ። ውሃ የሚጎነጭ ሰው ዝምታ ነው። ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ጽጌሬዳ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሊጀመር ባለበት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳሉን ዐወቀችው። ከሁለት ወር በፊት የተቀበረው የመምህር ዳኛው ሳል ነበር።

ጎንደር ያለው ኮሌጅ የሁለት ቋንቋ ክፍል የሚባለውን ከከፈተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከላይ አርማጭሆ፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከደባርቅ ወዲያ ካለው ደጋ የሚመጡ ልጆች ጭንቅላታቸው ሳይሰንፍ እንግሊዝኛው እየጣላቸው ከጤና ትምህርት ደጃፍ ይመለሱ ነበር። በዚህ ክፍል ግን ትምህርቱ ጠዋት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ትምህርት በአማርኛ ይደገማል። በዓመቱ መጨረሻ ፈተናው በሁለቱም ነው። ያለፈ ነርስነት ይማራል፤ የወደቀ ወደ መጣበት ይመለሳል።

የከሰዓቱ መምህር ዳኛው ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ተማሪውን ሁሉ «ልጄ» የሚል ሰው። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ጊዜ ትምህርቱን በስልኩ እየቀዳ በየተማሪው ሚሞሪ ካርድ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት በየደብሩ የቃል ትምህርት የተማሩ ናቸው። እዚያ ትምህርት ከመምህር አፍ እንደወጣ ይያዛል፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም፤ የዜማ ተማሪ መምህሩ የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ይተነፍሳል። የዳኛውንም ቅጂ እንደዚያው ያዙት። የቀሩት ደግሞ ከእነሱ ለመዱ።

ጽጌሬዳ፣ የክፍሉ ረዳት፣ የዳኛው ሰሚ ነበረች። ስሙን ሌላ ሰው አላወጣላትም፤ ራሱ ዳኛው ነው «ሰሚዬ» ይላት የነበረው። እሱ አንድ ትምህርት በቀዳ ቁጥር ሁለተኛ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከታተለ መስማት፣ ከዚያም ቅጹ ላይ «ተሰምቷል» ብሎ መፈረም ነበረበት። ሰው ፊት መናገር ለሚያስፈራት ለጽጌሬዳ እንዲህ ያለ ሥራ ከየትም አይገኝም። ዐሥራ ስድስት ትምህርት ሰማች። ስድስት ስህተት አገኘች። ስድስቱንም በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለት ነበር፤ እሱም እየሳቀ እንደገና ይቀዳዋል።

አሥራ ሰባተኛውን ቁስቋም ካለው ቤቱ ሆኖ ቅዳሜ ቀዳ። ማክሰኞ ሞተ። ሳንባው ነው አሉ።

በሳምንቱ የክፍሉ ኃላፊ አቶ አላምረው ቅጹን ይዘው መጡ። «ልጆቹ እየጠበቁ ነው፤ ሰምተሽዋል?» አሏት። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ» አለ የሞተው ሰው። ጽጌሬዳ አጠፋችው። ደግማ ለመክፈት ሞከረች፤ ጣቷ እምቢ አላት። ከዚያ ብዕሩን አንሥታ «ተሰምቷል» ብላ ፈረመች። የዳኛውም ቦታ፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ተብሎ፣ ለእሷ ተሰጠ።

እንግዲህ ያን ዓርብ፣ መጽሐፉን ይዛ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እንደቆመች፣ ሳሉ አለፈ፤ የውሃው ዝምታ አለፈ፤ ሃያ ስድስቱም እንዲህ አሉ፦

«አንዱን የኦ አር ኤስ ፓኬት በግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ።»

ጽጌሬዳ መጽሐፉን አየች። አንድ ሊትር ይላል። እንደገና አየችው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው፤ ውሃው በግማሽ ካነሰ ጨው ይሆናል፤ ጨው ደግሞ በገላው የቀረችውን ጥቂት ውሃ ይመጥጣታል። አፏን ከፈተች። ተማሪዎቹ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ቆመዋል። በዚያ ድምፅ መካከል የሚገባ ቃል ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ። ወዲያው ደወል ተደወለ፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው «ደኅና ሁኚ ቲቸር!» እያሉ ወደ መናኸሪያ ሮጡ።

ቢሮ ገብታ ቅጂውን ከፈተች። በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ «ግማሽ ሊትር» አለ ዳኛው። ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ትንፋሹ አጭር ነበር፤ ከቃሉ በፊት ምላሱ ሲደርቅ፣ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጋር ሲነካካ ይሰማል። ሰምታው ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱንም ትሰማ ነበር።

መደወል ጀመረች። ኮላ ድባ የደረሰችው መስከረም ቶሎ አነሣች። መስከረም ከክፍሉ ሁሉ አፈኛዋ ናት።

«አንድ ሊትር ነው፤ ቅጂው ላይ ስህተት አለ» አለች ጽጌሬዳ።

«እሺ ቲቸር። ግን ጋሽ ዳኛው ግማሽ ነው ያለው።»

«ተሳስቶ ነው።»

«ጋሽ ዳኛው?»

«አዎ» አለች ጽጌሬዳ። «ለሀዳነ ልትነግሪልኝ ትችያለሽ? ስልኩ አይሠራም።»

«ሀዳነማ አገሩ ኔትወርክ የለም። እሱስ ያስፈልገዋል፤ የእህቱ ልጅ ተቅማጥ ይዞታል ብለው ልከውበት አምስት ፓኬት ገዝቶ ነው የሄደ።»

ጽጌሬዳ ተቀመጠች።

ሀዳነ የክፍሉ አለቃ ነበር። ከትክል ድንጋይ በእግር ሁለት ሰዓት ወደ ውስጥ ከሚያስገባ መንደር የመጣ፣ ስድስት ዓመት ዜማ የተማረ፣ ዳኛው ራሱ «ና፣ እንግሊዝኛውን ተወው፣ እኔ አለሁ» ብሎ ያስመዘገበው ልጅ። የተቀሩት ሲስሉ ሳሉን የሚጀምረው እሱ ነው።

እስከ ማታ ሃያ አምስቱን አዳረሰች። ለሁሉም «የቅጂ ስህተት ነው» አለች። ማን እንደፈረመ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄደች፤ ወደ ትክል ድንጋይ የሚሄድ መኪና የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል አሏት። እሑድም እንደዚያው። በሁለቱ ቀናት መካከል ያየችውን ሕፃን ሁሉ ዐይኑ የጎደጎደ መሰላት። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከኋላዋ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳለ። ዞረች፤ ዣንጥላ የያዙ አሮጊት ናቸው። እሳቸው አልሳሉም፤ ከእሳቸው ሌላ ደግሞ ሰው አልነበረም። ቤቷ ገብታ በር ዘጋች። ሰሃን ስታጥብ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ያ ድምፅ በጆሮዋ ነው፤ «በግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ»፤ አልቆጣትም፣ አልወቀሳትም፤ ስትሰማው እንደኖረችው ረጋ ብሎ ያስተምራል። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ሰኞ መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ጎኗ ያሉ ሽማግሌ ገጿን አይተው «ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው እንዴ የሚወስድሽ?» አሏት። «እግዜር አይበለው» አለች፤ እስክትወርድ ድረስ ግን እጇ ከመቀመጫው ብረት አልተላቀቀም።

ከትክል ድንጋይ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ወጣች። እነሱ የሀዳነን አባት ያውቋቸዋል። «አያ ታከለን ነው? ዛሬ ቤታቸው ሰው ተሰብስቧል» አሏት። ለምን እንደተሰበሰበ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች። አቀበቱን ስትወጣ ትንፋሿ አጠረ። ከላይ ሲታይ በግቢው ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወንዶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አይነጋገሩም። አጥሩን ይዛ ቆመች።

«ማነሽ ልጄ? ግቢ እንጂ!» አሉ ከተቀመጡት አንዱ፣ ጢማቸው ነጭ የሆነ።

ቀና ሲሉ አየች፤ በእያንዳንዳቸው ጭን ላይ ገመድ አለ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ የቤት ክዳን ሊያለብስ መጥቶ፣ የሣሩን ማሠሪያ እየገመደ ነበር።

«ልጁስ?» አለች ጽጌሬዳ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

«የቱ ልጅ?»

«ታሞ የነበረው። ሕፃኑ።»

«አለበልን ነው? ያን ቀበጥ?» ሽማግሌው ሳቁ። «ያውልሽ፣ ከአውራ ዶሮ ጋር ይጣላል። ደግሞ የሚረታው ዶሮው ነው።»

አለበል ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። ሱሪ የለውም፤ እጁ ላይ እንጨት አለ። ጽጌሬዳ ዐይኑን አየችው። አልጎደጎደም። እንባዋ ስለመጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሀዳነ ከቤቱ ኋላ ሣር ተሸክሞ መጣ። ሲያያት ሸክሙን ጣለና እጅ ነሣ። «ቲቸር! እርስዎ ነዎት? በእግርዎ?» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «መምህሬ ናት! ጎንደር የምታስተምረን!» ሰዎቹ ሁሉ ተነሡላት፤ አጎዛ ተነጠፈላት። ሀዳነ አፉ አልዘጋ አለ። «ዓርብ ስደርስ ልጁ ጭልጥ ብሎ ነበር። ፓኬቱን አወጣሁ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አነበብሁት፤ ዋን ሊትር የሚል መሰለኝ። የኔ እንግሊዝኛ እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ ይሄ አፌ እንግሊዝኛ ሲያነብ ድንጋይ የጎረሰ ነው። ጋሽ ዳኛው ግማሽ ብሏል አልሁ። ጋሽ ዳኛውን ትቼ የራሴን ንባብ አላምንም አልሁ። በግማሽ በጠበጥሁት። ይኸው!» ልጁን በእጁ አሳየ። «ከመቃብሩ ሆኖ አዳነልኝ።»

«ሸጋ መምህር ነበር ማለት ነው» አለ አንዱ ገመድ ገማጅ።

የሀዳነ እህት የትነበርሽ፣ የሕፃኑ እናት፣ ለጽጌሬዳ በጣሳ ውሃ አመጣችላት፤ ስታቀብላት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ተናገረች። «እኔ ደጅ ብወጣ ከኋላዬ ነይማ።»

ከማድቤቱ ጀርባ ነገረቻት። «የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀመስሁት። አፌን አቃጠለኝ፤ አሞሌ ነው። ልጁም ተፋው። ሀዳነ ዞር ሲል ውሃ ጨመርሁበት፤ እንባ እንባ እስኪለኝ ድረስ ጨመርሁበት። አራቱንም ቀን እንዲያ ነው ያጠጣሁት። ለሱ እንዳትነግሪብኝ፣ በማርያም። የዚያ መምህሩ ነገር አይሆንለትም። ለጥምቀት መጥቶ ሌሊት በእንቅልፉ በሰውዬው ድምፅ ነው ሲያወራ ያደረ። ፈርቼ ቀሰቀስሁት።»

ጽጌሬዳ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ልጁ ድኗል። «አንድ ሊትር ነው» ብላ እንደሌሎቹ ነግራው ብትመለስ ማን ይጠይቃታል? ጥፋቱን አፈር የለበሰው ሰው ተሸክሞታል፤ አይከብደውም። ግቢው ውስጥ ገማጆቹ ይሳሳቃሉ። ሀዳነ ለአባቱ የሆነ ነገር ሲያስረዳ ይሰማታል፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ እህ፣ እህ አለ።

ተመለሰች። አጎዛው ላይ አልተቀመጠችም።

«ሀዳነ፣ አንድ ሊትር ነው። በትክክል ነው ያነበብኸው።»

«ምኑን?»

«ፓኬቱን። አሥራ ሰባተኛው ቅጂ ላይ ስህተት አለ።»

ሀዳነ ፈገግ አለ፤ ቀልድ ነው ብሎ። ከዚያ ፈገግታው ቀረ። «ጋሽ ዳኛው አይሳሳትም። ቢሳሳትም ሰሚ ነበረው። ሰሚ ሳይሰማው ለእኛ አይሰጥም።»

«ሰሚው እኔ ነበርኩ» አለች። ድምጿ ራሷን አስደነገጣት፤ ገማጆቹ ሁሉ እጃቸውን አቆሙ። «አልሰማሁትም። ሳልሰማ ፈረምኩ። ከሞተ በኋላ ድምፁን መስማት አልቻልኩም።»

ዶሮው ብቻ ይጮኻል።

«ይሄ ልጅ ቢሞት ኖሮስ?» አለ ሀዳነ። «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ነበር። «እኔ በእጄ አጠጥቼው ቢሞት፣ ለቅሶ ልትደርሺ ነበር የምትመጪ?»

«እሱን ፈርቼ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ እንዴት ዳነ?»

ጽጌሬዳ መሬት መሬት አየች። የትነበርሽ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና መቀነቷን አጠበቀች። «ውሃ ጨመርሁበት» አለች።

«ማን አዘዘሽ?»

«ምላሴ።»

ሽማግሌው፣ የሀዳነ አባት አያ ታከለ፣ ሳቃቸው አመለጣቸውና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ሀዳነ አልሳቀም። ሄዶ አለበልን ከመሬት አነሣና የእጁን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆነጠጠ፤ ለቀቀው። ቆዳው ወዲያው ተመለሰ። ልጁ ጮኸበት።

«ሲቀዳ አሞት ነበር?» አለ፣ ዐይኑን ከልጁ ሳያነሣ።

«ትኩሳት ነበረው። በደንብ ይሰማል።»

«እኛ ሳሉን አጠናነው» አለ ሀዳነ ቀስ ብሎ። «ሁለት ወር ሙሉ ሳሉን ስናጠና መታመሙን አልሰማንም።»

የትነበርሽ የጽጌሬዳን ክንድ ይዛ አስቀመጠቻት።

ከሰዓት በኋላ መኪና እንዳያመልጣት ሀዳነ እስከ ትክል ድንጋይ ሸኛት። ሚኒባሱ ሲሞላ «ያን ቦታ ቆርጬ አወጣዋለሁ» አለችው። «በኔ ድምፅ አንድ ሊትር ብዬ አስገባበታለሁ።»

«ከመምህር ቃል ተቆርጦ የሚጣል የለም» አለ። «እሱ ያለው ይኑር። አንቺ ከሥሩ ግቢ። ግን ዛሬ አባቴ ግቢ ያልሽውን ሁሉ በይ። ሳትሰሚ መፈረምሽንም። አለዚያ ልጆቹ እሱ ብቻ የተሳሳተ ይመስላቸዋል።»

አቶ አላምረው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዝም ብለሽ ቆርጠሽ ቀይሪው እንጂ! ይሄን ለሰው ምን ያስነግርሻል? ቅጹ ላይ የኔም ፊርማ አለ» አሏት። እሷ ግን ያንኑ ቀን በባዶው ክፍል ተቀምጣ ቀዳችው። አንዴ ብቻ ነው የቀዳችው፤ ለመድገም ጉልበት አልነበራትም። መጽሐፉን ሰጥታ አቶ አላምረውን አሰማቻቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙና ሳያዩዋት ፈረሙ።

ተማሪዎቹ ከዕረፍት ተመለሱ፤ አዲሱ ቅጂ ተገለበጠላቸው። በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ሰባተኛውን ትምህርት ሊሉላት ተነሡ። ሀዳነ ከፊት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት በቀር ቃል አልተነፈሰላትም። ዐይናቸውን ጨፈኑ። የጎደጎደው ዐይን፣ የተቆነጠጠው ቆዳ፣ ሳሉ፣ የውሃው ዝምታ ተራ በተራ መጡ። «አንዱን የኦ አር ኤስ ፓኬት በግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ» አሉ፤ በወፍራሙ ድምፅ። ጽጌሬዳ ጠበቀች።

ከዚያ ሃያ ስድስቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ቀጭን፣ የሚያፍር ድምፅ አወጡ። «ጽጌሬዳ ነኝ። ግማሽ አይደለም፤ አንድ ሊትር ነው። መምህራችሁ ይህን ሲቀዳ ትኩሳት ነበረው። ሰሚው እኔ ነበርኩ።» እዚህ ላይ ሃያ ስድስቱም ምራቃቸውን ዋጡ። «ሳልሰማ ፈረምኩ።» ከዚያም ወደ ዳኛው ድምፅ ተመልሰው ትምህርቱን ጨረሱ።

በዓመቱ መጨረሻ የኦ አር ኤስ ውሃው ጥያቄ ፈተና ላይ መጣ፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድም የሳተው የለም። ፈታኟ ሴትዮ «ልጆችሽ ጎበዞች ናቸው፤ ግን እየጻፉ ሁሉም ለምን ምራቃቸውን ይውጣሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሀዳነና ጓደኞቹ ወደ ነርስነት ገቡ። በመስከረም አዲስ ተማሪዎች መጡ፤ ዳኛውን በዐይናቸው አይተውት የማያውቁ፣ የጽጌሬዳንም ስም ገና ያልለመዱ። ካርዱን ከነባሮቹ ነው የተቀበሉት። በኅዳር አንድ ጠዋት ጽጌሬዳ በኮሪደሩ ስታልፍ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከፊት ለፊቷ መጣች። ማን እንደምታልፍ ልብ አላለችም። «ሰሚው እኔ ነበርኩ» አለች ልጅቷ፤ ምራቋን ዋጠች፤ «ሳልሰማ ፈረምኩ።»

ጽጌሬዳ ወደ ግድግዳው ተጠግታ አሳለፈቻት።